ኤችኤክስ ስቶምፕና ሦስት ነጠላ ፔዳሎች፦ ለሐዋሳ መድረክ ያዋጣል?

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸውና፦ ያዋጣል። ግን ሻጮች በሚደረድሩት ምክንያት አይደለም። የላይን 6 ኩባንያ ኤችኤክስ ስቶምፕ የብዙ ፔዳልና የጊታር አምፕ ቅጂ በውስጡ የያዘ ትንሽ ዲጂታል ማሽን ነው። ዋጋውን የሚያወጣው ውስጡ የታጨቀው የኢፌክት ብዛት ሳይሆን ከጀርባው ያሉት ሴንድ (ድምፁን ወደ ውጭ የሚልከው) እና ሪተርን (መልሶ የሚቀበለው) የሚባሉት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ይህ ወጥቶ የመመለስ መንገድ ሉፕ ይባላል። እጃችሁ ላይ ያለው ኦቨርድራይቭ ወይም ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) በእነሱ በኩል ገብቶ የማሽኑ አካል ይሆናል። እነሱን የማትነኳቸው ከሆነ በጣም ርካሽ በሆነ ዕቃ ያንኑ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ፤ እሱን ታች እናየዋለን።

ግምገማው የተሠራበት ቅንብር ይህ ነው፦ የደንሎፕ ክራይ ቤቢ ዋ (በእግር እየተወዛወዘ ድምፁን «ዋ» የሚያሰኝ)፣ የአይባኔዝ ቲኤስ9 ቱዩብ ስክሪመር (ኦቨርድራይቭ)፣ የፕሮኮ ራት (ዲስቶርሽን)፣ ከዚያ ስቶምፕ። በእነዚህ ፋንታ ቦስ ዲኤስ-1 ወይም ሌላ ቢኖራችሁም አገጣጠሙ ያው ነው።

መጀመሪያ የመድረኩን ነገር። ሐዋሳ ላይ ሐይቅ ዳር ሆቴልም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጊታር አምፕ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ዕድል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃችሁ ከሚክሰር የመጣ አንድ ገመድ ነው። ራትን በቀጥታ ሚክሰር ላይ የሰካ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ። ምክንያቱ ፔዳሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የጊታር አምፕ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ በአብዛኛው ይውጠዋል፤ ዲስቶርሽን የሚፈጥረው ሹል ድምፅ ደግሞ የሚኖረው እዚያው ነው። የአዳራሽ ስፒከር ግን ትዊተር ስላለው ሁሉንም እንዳለ ይረጨዋል። ስለዚህ ከፔዳሉ በኋላ የስፒከሩን ሥራ የሚተካ ነገር ያስፈልጋል። ስቶምፕ የካቢኔት ሞዴል አለው፤ አይአር የሚባሉትን የስፒከር ቅጂ ፋይሎችም እስከ 128 ድረስ ይይዛል።

ታዲያ ስቶምፕ ውስጥ የሁለቱም ፔዳሎች ቅጂ አይደለም እንዴ ያለው? አለ። የቱዩብ ስክሪመሩ «ስክሪም 808»፣ የራቱ ደግሞ «ቨርሚን ዲስት» ይባላሉ። ባንድ መሃል ሲጫወት፣ ከበሮውና ኪቦርዱ ሲገባ፣ አድማጭ ይቅርና ጊታሪስቱ ራሱ ለመለየት ይቸግረዋል። እኛ ፔዳሎቹን የምንደግፈው በሌላ ምክንያት ነው። ዘፈን መሃል ጌይን (የማሻከሩን መጠን) ለመቀነስ ጎንበስ ብሎ አንድ ቁልፍ ማዞር፣ በትንሽዬ ስክሪን ብሎክ (አንድ ኢፌክት የሚቀመጥበት ቦታ) መርጦ ገጽ ከመፈለግ ይፈጥናል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፔዳል ወዲያው ይሠራል፤ ስቶምፕ ግን እንደ ኮምፒውተር እስኪነሳ ያስጠብቃል። ስለዚህ ፍርዳችን፦ ያላችሁን ፔዳል አትሽጡ፤ ለስቶምፕ ብላችሁ ደግሞ አዲስ ኦቨርድራይቭ አትግዙ።

ከፊት ወይስ በሉፕ ውስጥ?

ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ከፊት መደርደር ነው፤ ጊታር፣ ዋ፣ ቲኤስ9፣ ራት፣ ከዚያ የስቶምፕ ኢንፑት። ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው አንዷ አጭር ገመድ የተበላሸች ቀን ነው፤ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ በጨለማ ደግሞ የትኛዋ እንደሆነች መፈለግ አለ። ፔዳሉ ሉፕ ውስጥ ከሆነ ግን የሉፑን ብሎክ በአንድ እርግጫ ማጥፋት ይበቃል፤ ድምፁ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ በውስጥ ይቀጥላል፣ ዘፈኑም ያልቃል። በእኛ አስተያየት ለሉፕ ከሚነሱት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

ከፊት መቅረት ያለበት ዋ ነው፤ ስቶምፕ እንደ ዋ በእግር የሚወዛወዝ ፔዳል (ኤክስፕሬሽን) የራሱ ስለሌለው ከውጭ መምጣቱ ግድ ነው፣ ቦታውም ከሁሉም በፊት ነው። ፈዝ የሚባለው ሌላ ዓይነት ድምፅ አሻካሪ ፔዳል ያለው ሰው እሱንም ከፊት ያድርገው። እንደ ፈዝ ፌስ ያሉት የድሮ ዓይነት ፈዞች የሚሠሩት ከጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው) ጋር በቀጥታ ተያይዘው ነው፤ የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንሱ የሚጠራውም በዚያ ነው። ሉፕ ውስጥ ሲገቡ ከፒክአፑ ሳይሆን ከስቶምፕ ሰርኪት ጋር ስለሚገናኙ ድምፃቸው ይሾላል፣ ቮልዩም ቢቀነስም አይጠራም። ቲኤስ9ም ራትም በዚህ አይጨነቁም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ብልሃት። የስቶምፕ ሴንድ ቀዳዳ አንድ ብትሆንም ስቴሪዮ ናት፤ የጃኩ ጫፍ የግራውን፣ መሃል ያለው ቀለበት የቀኙን ድምፅ ይይዛል። ሪተርኑ ደግሞ ሁለት ለየብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ባለ ዋይ ገመድ ሁለት ነጠላ ሉፕ ይገኛል፤ ቲኤስ9 በግራ፣ ራት በቀኝ። ገመዱን ራሳችሁ ለመበየድ አንድ ስቴሪዮ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ ሁለት ሞኖ ጃክና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ባለ ሁለት ሽቦ የማይክ ገመድ ይበቃል። አንዱን ሽቦ ከስቴሪዮው ጫፍ ወደ መጀመሪያው ሞኖ ጫፍ፣ ሁለተኛውን ከቀለበቱ ወደ ሌላኛው ሞኖ ጫፍ፤ መሸፈኛው መረብ ደግሞ የሦስቱንም አካል ያገናኛል። ሲጨርሱ በቴስተር ጫፍና ቀለበቱ አለመነካካታቸውን ማየት ነው፤ ከተነካኩ ሁለቱም ሉፖች አንድ ዓይነት ድምፅ ይልካሉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሪተርኑ ቀዳዳ «ኦክስ ኢን» (ከስልክና ከመሳሰለው ሙዚቃ ማስገቢያ) ተብሎም ስለሚያገለግል፣ በግሎባል ሴቲንግ ውስጥ ወደ ኦክስ የተቀየረ ከሆነ ከፔዳሉ የተመለሰው ድምፅ ወደ ሉፑ ብሎክ አይደርስም። ገመድ ከመቀያየር በፊት ይህንን ማየት ነው።

ሁለቱ ሉፖች ከ8ቱ ብሎኮች 2ቱን ይወስዳሉ። የቀሩት 6ቱ ለሥራው በቂ ናቸው፤ አምፕና ካቢኔት በአንድ ብሎክ፣ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ኮረስ (ድምፁን የሚያወፍር)፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም)፣ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት)፣ አንድ መጠባበቂያ። ያገለገለ ስቶምፕ ስትገዙ 6 ብሎክ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ አትደንግጡ፤ በፈረንጆቹ 2018 ሲወጣ እንደዚያ ነበር፣ በ2020 የመጣው 3.0 ሶፍትዌር ነው ወደ 8 ያሳደገው። ማዘመኑ በነፃ በዩኤስቢ ይሠራል። ላፕቶፑ ባትሪ ይኑረው፣ ስቶምፑ ደግሞ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ጣጣው ብዙ ነው።

ልኩን ማስተካከል

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። «ፔዳሌ በስቶምፕ ሲያልፍ ድምፁ ተበላሸ» የሚል ሰው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የሴንድና ሪተርኑን ልክ «ላይን» በሚለው ምርጫ ላይ ትቶት ነው። የጊታር ፔዳል የሚፈልገው «ኢንስትሩመንት» የሚለውን ነው። «ላይን» ላይ ሲሆን ወደ ፔዳሉ የሚገባው ከልክ በላይ ስለሚገፋ ቲኤስ9 ጭቃ ይሆናል።

ከዚያ ባዶ ፕሪሴት (በማሽኑ የሚቀመጥ ቅንብር) ክፈቱ፣ የግራ ሉፑን ብሎክ ብቻ አስገቡ፣ ሴንድም ሪተርንም 0 ዲቢ፣ ሚክስ 100 በመቶ። ፔዳሉን አጥፍታችሁ ብሎኩን አብሩ፣ አጥፉ። ልዩነት መሰማት የለበትም። ከተሰማ ልኩ ወይም ገመዱ ነው። ቀጥሎ ፔዳሉን አብሩት፤ ድራይቩን እንደ ፍላጎታችሁ፣ ሌቭሉን ደግሞ ከንፁሁ ድምፅ ትንሽ ብቻ ከፍ እንዲል፣ 2 ወይም 3 ዲቢ ያህል። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ሁልጊዜ በርቶ ይቆያል፤ የሚበራና የሚጠፋው ብሎኩ ነው። አንድ ሰው መድረክ ላይ ሲያልፍ የፔዳሉን መርገጫ ከነካው ስቶምፑን ብትረግጡም ምንም አይቀየርም፤ ያኔ መጀመሪያ የፔዳሉን ቀይ መብራት ማየት ነው።

ሚክሱን ከ100 በታች አታውርዱ። ድምፁ ወደ አናሎግ ተለውጦ፣ ፔዳሉን ዞሮ፣ እንደገና ወደ ዲጂታል ሲመለስ በጥቂቱ ይዘገያል። ለብቻው ሲሰማ ጆሮ አያስተውለውም። ካልዘገየው ድምፅ ጋር ሲቀላቀል ግን ይጠፋፋል፤ መዘግየቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን 500 ኸርትዝ ላይ፣ ቀጥሎ 1,500 ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ጊታሩ በቧንቧ ውስጥ የሚጫወት ይመስላል።

የራት ተጠቃሚ ሌላም ያስታውስ፦ «ፊልተር» የሚለው ቁልፍ ከተለመደው ቶን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይጨልማል። በካቢኔት ሞዴል ስታልፉ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ መጀመር ጥሩ ነው።

ኃይል፦ ዕቃ የሚቃጠለው እዚህ ነው

ስቶምፕ ከ9 ቮልት 3 አምፔር አዳፕተር ጋር ይመጣል። ቲኤስ9ን የመሰለ አናሎግ ፔዳል የሚጠጣው ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ነው። ልዩነቱን ተመልከቱ። ሁሉንም በአንድ ባለ ብዙ ጫፍ ገመድ ማያያዝ የማይሆነው ለዚህ ብቻም አይደለም፤ ዲጂታል ዕቃ በኃይል መስመሩ ላይ የሚጥለው ረብሻ በፔዳሎቹ በኩል ቀጭን ፉጨት ሆኖ ይሰማል። ስቶምፑ በራሱ አዳፕተር፣ ፔዳሎቹ በሌላ። እርስ በርስ የተለያየ መውጫ ያለው የፔዳል ፓወር ሰፕላይ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ለሦስቱ አናሎግ ፔዳሎች አንድ ደህና 9 ቮልት አዳፕተርና ማከፋፈያ ይበቃል።

ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች «9 ቮልት ስጠኝ» ብሎ መግዛት ግን አደጋ አለው። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ጫፉ ይገጥማል፣ ቮልቱም 9 ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በተለምዶ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። የጊታር ፔዳል የሚፈልገው መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ነው። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ጥቁሩን በውጭ በኩል አስነኩ፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት 9 ካሳየ ትክክል ነው። ምልክቱ ከሌለ አትሰኩት። ሲሰኩት የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ መከላከያዋ ዳዮድ ናት፣ በርካሽ ትተካለች፤ መከላከያ የሌለው ፔዳል ግን ከነአይሲው ይሄዳል።

ያው ቴስተር ሌላም ይነግራችኋል። ከባድና ትራንስፎርመር ያለው የድሮ ዓይነት አዳፕተር «9 ቮልት» ተብሎ ባዶውን 12 ወይም 13 ሲያነብ ካያችሁት ያልተስተካከለ ኃይል ነው፤ ፔዳሉ ላይ ጉርምርምታ ያመጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ ላከልኝ የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ያንብብ። 100-240 ቮልት ከሆነ ይሰካ። 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ዕድሜው የሰከንድ ነው።

ጉርምርምታውን በጆሮ መለየት ይቻላል። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው። ጉርምርምታው ቤዝ ጊታር ላይ ከወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት ጋር የሚቀራረብ ከሆነ 50 ነው፤ ከኧርዝ፣ ከገመድ ወይም ከፒክአፕ የመጣ መሆኑን ጠርጥሩ። በጊታሩ 6ኛ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ካለው ሶል ጋር ከገጠመ ወደ 100 ይጠጋል፤ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይለይም፤ ፍለጋውን ግን ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

ስቶምፑ መድረክ ላይ ካለ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ አዳራሹ መጨረሻ ካለ ሶኬት ኃይል ሲያገኙ ጉርምርምታ ቢሰማ አይግረማችሁ። መድኃኒቱ መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ወደ ሚክሰር የምታስተላልፍ ትንሽ ሳጥን) አስገብቶ የኧርዝ ማቋረጫዋን መጫን ነው። የአምፑን ወይም የሚክሰሩን የኧርዝ እግር በፕላስተር መሸፈን ግን ድምፁን ዝም አሰኝቶ አደጋውን ወደ ሰው ያዞረዋል፤ ዘፋኙ ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ የሚነዝረው በዚህ ዓይነት መድረክ ላይ ነው።

የአዳራሹ ድምፅ ሞኖ ከሆነ በስቶምፑ የግራ መውጫ ብቻ ውጡ፤ ቀኙ ባዶ ሲሆን ሁለቱን ራሱ ይደምራቸዋል።

ችክችካና ዲሌይ

ነጠላ ዲሌይ ፔዳል መግዛት ለሚያስብ ሰው ስቶምፑ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ቀድመው የተዘጋጁ ፕሪሴቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ነጥብ ያለበት ስምንተኛ ኖታ ነው፤ ለአራት ምት ዘፈን ያምራል፣ ችክችካ ላይ ግን ከበሮውን ይረግጠዋል። በቁጥር እንየው። ዋናው ምት በደቂቃ 120 ከሆነ አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ነጥብ ያለበት ስምንተኛ 375 ላይ ይመልሳል። ችክችካ ግን አንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል፤ 167፣ 333፣ 500። 375 ከማናቸውም ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ዲሌዩን ሩብ ኖታ ትሪፕሌት ላይ አድርጉት፤ 333 ይሰጣል። ጠበቅ ያለ ከፈለጋችሁ ስምንተኛ ትሪፕሌት፣ 167። ለማሽኑ የዘፈኑን ፍጥነት በመርገጫው (ታፕ) ስትመቱለት ትልቁን ምት፣ በአንድ ባር ሁለቴ ብቻ ምቱ፤ ትንንሾቹን የምትመቱ ከሆነ ማሽኑ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ትዝታ ቀስ ብሎ ሲሄድ ደግሞ የዲሌዩን ሚክስ ከ20 በመቶ በታች ማውረድ ይሻላል፤ በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ የኋላው ኖታ ከፊተኛው ጋር ባይጣላም ክሽን ያለውን ጌጥ ይሸፍነዋል።

የማንወድለት

መርገጫው ሦስት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ለታፕና ለቱነር (ክር መቃኛ) ተይዟል። ሁለት ሉፕ ያለው ሰው ወዲያው ያልቅበታል። ባለ ሁለት መርገጫ የውጭ ስዊች በስቴሪዮ ገመድ በኤክስፕሬሽን ቀዳዳው በኩል ስትሰኩ አራተኛና አምስተኛ ይሆናሉ፤ ይህን ወጪ ከመጀመሪያው አስቡት። ቮልዩሙ ላይኛው ፊት ላይ ስላለ ሲታሸግ ይዞራል፤ ከሳውንድ ቼክ በኋላ ቦታው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከባድ ሞዴሎች ሲደራረቡ ደግሞ ብሎክ ቢተርፍም አቅሙ ያልቅና የቀሩት ሞዴሎች ደብዝዘው አይመረጡም።

አምፕ ያለው ሰው አራት ገመድ የሚባለውን አገጣጠም (ከፊሉ ኢፌክት ከአምፑ በፊት፣ ከፊሉ በአምፑ የራሱ ሉፕ የሚገባበትን) ሲፈልግ ሉፑ ይሻማል። አምፑን በቀኝ፣ አንድ ፔዳል በግራ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛው ፔዳል ግን ወደ ፊት ይወጣል። አምፕ ሁልጊዜ ካላችሁ ኤችኤክስ ኢፌክትስ የሚባለው ወንድሙ ሁለት ሉፕና ብዙ መርገጫ አለው፤ የአምፕ ሞዴል ግን የለውም።

ስቶምፕ ሲወጣ 600 ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በብር ስንት እንደሚሆን እያንዳንዱ በቀኑ ያስላው። ያ የማይቻል ከሆነ ዙም ኤምኤስ-50ጂ አለ፤ መጠኑ የአንድ ፔዳል፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 6 ኢፌክት። ቦስ ጂቲ-1ም በ4 ባትሪ ይሄዳል። ሁለቱም ሉፕ የላቸውም፤ ፔዳሎቹን ሁሉ ከፊት ደርድራችሁ በእነሱ መጨረስ ነው፤ ንፁህ አምፕና ካቢኔት፣ ከዚያ ዲሌይና ሪቨርብ። በሚክሰር በኩል ለሚጫወት ሰው ከድምፁ ሰማንያ በመቶውን ያገኛል ብንል አልተጋነነም። የሚያጣው ያችን በአንድ እርግጫ ከተበላሸ ገመድ የምታስመልጠውን መንገድ ነው።

ለአራቱም ዕቃ 50 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል፤ ስቶምፑ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ቲኤስ9 ከ8 በታች ነው፣ ዋው በቁመቱ ጎን ላይ ይቀመጣል። ገመዶቹ ጫፋቸው የታጠፈ፣ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ እግር ሥር አድርጋችሁ ኮብልስቶን ላይ ስትሄዱ ጃኮቹ በንዝረት ይላላሉ፤ ስትደርሱ ኃይሉን ከመሰካታችሁ በፊት እያንዳንዱን በአውራ ጣት አንዴ ገፋ አድርጉት።